ዘምዘምን ከሰፈር ያስወጣን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ከኮኪት ደውላ፣ በሰፈራችን የቀረው የመጨረሻ ሳር ቤት ፈርሶ በቆርቆሮ እንደተሠራ ነገረችኝ። «እንግዲህ ከእሳት ተገላገልን» ብላ ሳቀች። እሷ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ከመኪናው መንገድ ጀርባ የተጠጋጉ፣ ሃያ የማይሞሉ ጎጆዎች ነበሩ። አጥሩ ሁሉ የማሽላ አገዳ ስለሆነ የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ ወጥ ካረረም የማን ቤት እንደሆነ ይታወቃል። ጨው ያለቀበት ይበደራል፤ ውሃ የሚያመጣው ጋሪ ከቀረ አንድ ጀሪካን ለሦስት ቤት ይከፈላል። ሰው ሲታመም አንገረብ በምንለው የገመድ አልጋ ተሸክመን ጤና ጣቢያ የምናደርስ እኛው ነበርን።

ዘምዘም ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዳ በዚያው የቀረች ሴት ናት። ከአጥራችን ማዶ፣ አያ ታከለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለቀን ሠራተኞች ዳቦ ትጋግር ነበር። ጎህ ሳይቀድ ትጋግርና ወደ ገበያ ከመሄዷ በፊት ፍሙ ላይ ውሃ ታፈስበታለች። ቸስ ሲል በየጧቱ እሰማዋለሁ፤ የምነቃውም በእሱ ነበር። ለእኔ ዳር ዳሩን ቆርሳ በአገዳው ክፍተት ታቀብለኛለች። «ብይ፣ አብሽሪ፣ ገና ትወፍሪያለሽ» ትለኝ ነበር።

በየካቲት ነፋሱ ሲነሣ ረፋድ ካለፈ እሳት ማንደድ በሰፈሩ ክልክል ነው። እኔ ግን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበርና ቀሚሴን መተኮስ ፈለግሁ። እናቴ ገበያ ነበረች። የከሰሉን ካውያ አግዬ ተኮስሁና ፍሙን አጥሩ ሥር ደፋሁት። የሞተ መስሎኝ ነበር።

አገዳው ሲንጣጣ ስሰማ ቀሚሱን እያጠፍሁ ነበር። ነፋሱ ከእኛ ወደ ማዶ ስለሚነፍስ የእኛ ቤት ተረፈ። የዘምዘም ክፍል፣ የአያ ታከለ ቤትና ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት ጎጆዎች ግን ውሃ እስኪደርስ አመድ ሆኑ። የአያ ታከለ አህያ እንደታሰረች ተቃጠለች። ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እናቴ ከገበያ ሮጣ መጣች። ባዶውን ካውያ አየችው።

«የት ደፋሽው?»

በእጄ አሳየኋት። መጥረጊያ አምጥታ ቦታውን ጠረገችና «አፍሽን ያዢ» አለችኝ።

በማግስቱ ሰፈሩ አያ ታከለ ከተረፈላቸው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። በየቀኑ እሳት የምታነድ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሌላ የተጠየቀ የለም። ዘምዘም በተቃጠለ ነጠላዋ ቆማ፣

«እኔ ጧት አጥፍቼዋለሁ፤ ወላሂ ውሃ አፍስሼበታለሁ» አለች። «መካከላችን አገዳ ብቻ ነው። ወለላ ትሰማኛለች። እሷን ጠይቋት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ተኝቼ ነበር፤ አልሰማሁም» አልሁ።

ዕለቱን ሰፈሩን እንድትለቅ ተፈረደባት። ወደ ሽንፋ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ስትወጣ የያዘችው አንድ የዳቦ መጋገሪያ ብረት ብቻ ነበር፤ ሌላው ተቃጥሏል። አጠገቧ ደርሼ ነበር፤ ለምን እንደሄድሁ ዛሬም አላውቅም። ጎንበስ ብላ «እውነት ተኝተሽ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። መኪናው ሄደ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለእናቴ ተዝካር ወርጄ አያ ታከለን ልጠይቃቸው ገባሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልባቸው ግን ደህና ነው። የካርካዴ ሻይ አቅርበውልኝ ስናወራ አልቻልሁም፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እሳቱ ከእናንተ አጥር ሥር እንደተነሣ ያኔውኑ አይቻለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እናትሽ ልጆቼን ያዋለደች ናት። ስንታመም የምታስታምመን፣ ስንሞት የምታለቅስልን እሷ ነበረች። ከእሷ ተቀያይመን የት እንኖራለን?» አሉና ብርጭቋቸውን በእጃቸው ፈለጉ። «ያችኛዋ ግን ማን ነበራት?»

ስለ ሰፈራችን ሲጠይቁኝ «ሰዉ ይተዛዘን ነበር» እል ነበር። ውሸት አይደለም። ያ መተዛዘን ግን በማን ወጪ እንደቆመ እኔና እናቴ ብቻ የምናውቅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽንፋም አብርሃ ጅራም ሰው ልኬ አስጠይቄያለሁ። «ዘምዘም ማን?» ይሉኛል። ዳቦዋን ዓመት ሙሉ ስንበላ፣ የአባቷን ስም የጠየቃት ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።