ደም ስር የምታገኘው ሲስተር

ናዚሃ ነርስ የሆነችው ወድዳ አልነበረም። በዚያ ዘመን አይን ሰልማ በምትባለው ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰች የድሃ ልጅ የነበረው ወይ የስፌት ፋብሪካ ነው፣ ወይ የነርሶች ትምህርት ቤት። የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ የነበረው አባቷ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለው የኖረ ሰው ነውና፣ "ሐኪም ቤት ቢያንስ ጥላ አለው" ብሎ ወደ ሁለተኛው ገፋት።

ሥራውን የወደደችው በኋላ ነው፤ ያውም በጣቶቿ ምክንያት። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር ተቅማጥ ያደረቃቸው አንድ ሽማግሌ መጡ። ሦስት ነርሶች እየተፈራረቁ ቢወጓቸውም ደም ስር ጠፋ። ናዚሃ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች፣ በቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ክንዳቸውን ቀስ እያለች ዳበሰች፣ ከዚያ አንዴ ወጋች። ግሉኮሱ መንጠብጠብ ጀመረ። ሽማግሌው፣ "ልጄ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ስሟ "ደም ስር የምታገኘው" ሆነ። የሕፃናት ክፍል ይጠራታል፣ ቀዶ ሕክምናው ይጠራታል። ዶክተሮቹ ሳይቀሩ ሲያቅታቸው "እስቲ ናዚሃን ፈልጓት" ይላሉ። ገበያ ስትወጣ ነጋዴው ቲማቲሙን እየመረጠ ይሰጣታል። ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነበር፤ ወገቧን ያማታል፣ እግሯ ያብጣል። ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ነጭ ልብሷን የምትቆልፈው፣ እሷ ከቀረች የሚጎድል ነገር እንዳለ እያወቀች ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ላዝሃር የሚባል የእህል ነጋዴ አባቱን በጭነት መኪናው አምጥቶ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አወረደ። የሰውየው ልብ መንገድ ላይ ቆሟል። የነበረው አንድ ዶክተር ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ናዚሃ አልጋው ላይ ወጥታ ደረታቸውን አርባ ደቂቃ ስትጫን ላቧ በሟቹ ሸሚዝ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በመጨረሻ ወጥታ አባቱ ማረፋቸውን ነገረችው።

"ገደላችሁት!" አለ ላዝሃር።

"ወንድሜ፣ ሲመጡም…"

"አባቴን እየተናገረ ነው ያመጣሁት! ሻይ እየጠጣችሁ ገደላችሁት!"

ገፈተራት። እንዳትወድቅ የበሩን መቃን ያዘች። እሱ የብረቱን በር በሙሉ ኃይሉ ወርውሮ ቀኝ እጇ ላይ ዘጋው። ዘበኛው ሲጋራውን እንኳ ሳይጥል ቆሞ ያይ ነበር።

አጥንቷ ሦስት ቦታ ተሰበረ። በጀሶ የታሸገ እጇን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰች። በአራተኛው ቀን የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቢሮው አስጠራት። ስትገባ የላዝሃር አጎትና ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ በሪባን የታሰረ የጣፋጭ ካርቶን አለ።

"ልጁ አባቱ ሞቶበት ነው ያበደው" አሉ አጎትየው። "አንቺ ደግሞ የምሕረት ሰው ነሽ።"

"የኔ ሥራ መርፌ መውጋት ነው፣ አባቴ" አለች ናዚሃ። "ምሕረቱን ከየት አመጣችሁብኝ?"

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲስተር፣ ነገር ሲካረር የሆስፒታሉም ስም ይነሳል። ያኔ በዚያ ሰዓት ዶክተር ለምን አልነበረም ይባላል፣ አንቺስ ምን አደረግሽ ይባላል። ላንቺው ብዬ ነው።"

ባሏ ነጂብም ቤት ስትገባ ከዚያ የተለየ አልነገራት። "ነገም የምንኖረው ከነሱው ጋር ነው" አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እሷ የጠበቀችው ቢያንስ እንዲቆጣላት ነበር።

በማግስቱ እዚያው ቢሮ ክሱን ትታ ፈረመች። ቀኟ ታሽጓልና በግራዋ ነው የፈረመችው፤ ፊርማዋ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ የሞነጫጨረው መሰለ። አጎትየው "አላህ ይባርክሽ" ብለው ወጡ። ዳይሬክተሩ ካርቶኑን ከፍቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። "ቅመሺ እንጂ!"

ጀሶው ሲፈታ ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ማንኪያ ይይዛሉ፣ ግን አይሰሙም። ከቆዳ በታች ያለው ነገር ሁሉ ለነሱ አንድ ሆነ። አንዲት ሕፃን ሦስት ጊዜ ወግታ ሳታገኝ ቀረች። አራተኛውን ስታዘጋጅ የልጅቷን እናት ዓይን አየችና መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ክፍል አዛወሯት። መቀስ እየቀቀለች፣ ፎጣ እያጠፈች መዋል ሆነ ሥራዋ። "ጸጥ ያለ ቦታ ነው፣ ታርፊያለሽ" አሏት።

ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት የመቀቀያው ክፍል በር ተንኳኳ። ላዝሃር ነው፤ ሸምግሏል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"እናቴ ኩላሊቷን ታማ ተኝታለች" አለ። "አምስት ጊዜ ወጓት፤ ክንዷ ጥቁር ሆኗል። ሰው ሁሉ ሲስተር ናዚሃን ጥራ አለኝ።"

"እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?"

"እንዴት አላውቅም! ግን ያ አለፈ እኮ። ታርቀን የለም እንዴ?"

ቀኝ እጇን ዘረጋችለት። "ንካው።" ጣቶቿን ነካ አደረገ። "አሁን የነካኸኝን በዓይኔ አየሁ እንጂ አልተሰማኝም። አንተ የምትፈልጋት ሴትዮ የለችም፣ ላዝሃር። በሩን ስትዘጋው አብራ ቀረች።"

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ታዲያ ሌላ የሚያገኝ ማን አለ?" አለ።

ናዚሃ ሳቅ አመለጣት። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሏት ነበር።

ቢሆንም ሄደች። አሮጊቷ አልጋ አጠገብ ሺራዝ የምትባል፣ ሥራ ከጀመረች አንድ ዓመት ያልሞላት ነርስ መርፌ ይዛ ቆማለች። ናዚሃ ከኋላዋ ቆመች። "ዓይንሽን ጨፍኚ። ገመድ አትፈልጊ፤ ጠንካራው ጅማት ነው። እንደ ተቀቀለ ማካሮኒ ልስልስ ብሎ ተጭኖ የሚመለስ አለ… ከአውራ ጣቷ ከፍ በይ… ቀስ…"

"አለ!" አለች ሺራዝ።

"እንግዲያው አታስቢ፣ ግቢ።"

ደሙ መጣ። አሮጊቷ የሺራዝን እጅ ሳመች፤ ላዝሃርም ሺራዝን መረቃት። ናዚሃ ወደ መቀቀያዋ ስትመለስ በሺራዝ መቅናቷን ለራሷ አልደበቀችም። ግን በማግስቱም ተመልሳ ሄደች። አምስት ወር ሙሉ የምታውቀውን ሁሉ ለሺራዝ አስተማረች። አሁን "ሺራዝን ጥሯት" መባል ተጀመረ። በስድስተኛው ወር ሺራዝ ኬክ ይዛ መጥታ ጀርመን አገር ሥራ ማግኘቷን ነገረቻት።

"ምን ላድርግ፣ እትዬ? እዚህ እንዳንቺ ልሁን?" አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ቀላ። "ይቅርታ… እንዲያ ማለቴ አይደለም።"

"እንዲያ ማለትሽ ነው፤ ደግሞም ልክ ነሽ" አለቻት ናዚሃ።

በዚያው ዓመት ጸደይ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት መምህርት ሃያት፣ ስለ ሙያዋ ለተመራቂዎቹ እንድትናገር ለመነቻት። "ልጆቹ ተስፋ እንዲያገኙ ጥሩ ጥሩውን ንገሪልኝ" አለች። ናዚሃ ማታውን ጥሩ ጥሩውን በወረቀት ጽፋ ነበር። ሰላሳ ሁለት ልጆች ፊት ስትቆም ግን ወረቀቱን አጠፈችው።

"ነጭ ለብሳችሁ መልአክ ትሆናላችሁ ያላችሁ ሰው ካለ፣ መልአክን መክሰስ እንጂ ለመልአክ መክፈል የሚወድ እንደሌለ ንገሩት" አለች። "ሽታውን ትለምዱታላችሁ፣ ሞቱንም በመጠኑ። ስድቡን ግን አትለምዱትም። ለበሽተኛ አትዋሹ። ያላያችሁትን መዝገብ ላይ አትጻፉ። ለጫማችሁ ገንዘብ አትሰስቱ። ሰው መትቷችሁ በማግስቱ ጣፋጭ ይዞ ሽማግሌ ሲልክ አትፈርሙ። እኔ ፈርሜያለሁ።" የእጇንና የብረቱን በር ነገርም ነገረቻቸው።

ከኋላ አንድ ወጣት፣ "ጀርመን ስንት ይከፍላሉ?" ሲል ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ዊጅዳን የምትባል ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። "ደም ስሩን እንዴት ነበር የምታገኚው?"

ናዚሃ የራሷን ክንድ ዘረጋችላት። ልጅቷ ዳብሳ ዳብሳ፣ "አገኘሁት፣ እየመታ ነው!" ብላ ጮኸች።

"የሚመታውን አትንኪ፤ እሱ ሌላ ነው። አጠገቡ ዝም ብሎ የተኛውን ፈልጊ።"

ልጅቷ ረጅም ጊዜ ፈለገች። መምህርት ሃያት ሰዓቷን እያየች "በቃ፣ በቃ" አለች፤ ናዚሃንም በሩ ድረስ ሸኝታ፣ "እንዲህ ነበር እንዴ ቃላችን?" ብላ ተመለሰች። ዳግመኛም አልጠራቻትም።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው የዊጅዳን እናት ናዚሃ ቤት መጣች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም።

"እባክሽ ልጄን ከዚህ ነርስነት አስጥዪልኝ። አንቺ ያን ሁሉ ተናግረሽ፣ ሌሎቹ ሲተዉት የኔዋ ባሰባት።"

"ምን ትላለች?"

"'ሲስተር ናዚሃ የደበቀችኝ ነገር የለም፤ አውቄ ነው የምገባው' ትላለች።"

ናዚሃ ልጅቷን ማስፈራት ትችል ነበር፤ ገና ያልተናገረችው ብዙ ነገር ነበራት። አንደበቷ ግን እምቢ አላት። "እንግዲያው ተያት" አለች በመጨረሻ።

እናትየው ስትወጣ ነጂብ ከውስጥ፣ "ማን ነበር?" ብሎ ጠየቃት። ናዚሃ፣ ልጅቷ ነርስነትን ስለመረጠች ደስ ብሏት እንደነበር ታውቋት፣ በዚያ ደስታዋ በራሷ ተናዳ፣ የቀዘቀዘውን ሻይ ይዛ እንደቆመች ቀረች።