ዴልመስ ጫማውን ያወለቀበት ውድድር

ዴልመስ ኦክሊ የከሰል መኪና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት ግን ጊታር ተጫዋች ነኝ ይላል። እዚህ ኬንታኪ ገጠር ውስጥ እንዲህ በማለቱ ማንም አይስቅበትም፤ ሁላችንም ያው ነን።

በሽታችን አንድ ነው፤ ሌስተር ፔኒክ። ነፍሱን ይማረውና፣ በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየመታ በሌባ ጣቱ ዜማውን እያወጣ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፁ የሚዘፍን የወንዛችን ልጅ ነበር። በታወቀው ሸክላው መሀል አውራ ጣቱ አዳልጦት የማይሆን ክር መታ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዘፈን ሳይሳሳት የሚጫወት ሰው እኛ ዘንድ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ለጀማሪም መጀመሪያ የምናስጠናው ስህተቱን ነው።

በየዓመቱ በሌስተር መታሰቢያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የበግ ጥብሱ ከተበላ በኋላ ያንኑ ዘፈን የመጫወት ውድድር አለ። ዳኛዋ የዴልመስ ሚስት ቨርና ናት። አዳላች እንዳትባል በብርድ ልብስ ትጋረዳለች፤ ተጫዋቹም በቁጥር ብቻ ይጠራል። ብርድ ልብሱን የምሰቅለው እኔ ነኝ። ዴልመስ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተወዳድሮ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል።

ዘንድሮ ወደ ጥግ ወስዶኝ፣ «ታውቀኛለች» አለኝ። «በግራ እግሬ ወለሉን ስመታ ትሰማለች። ለባሏ አደላች እንዳይሏት ፈርታ አንደኝነቴን ትቀማኛለች።»

«ታዲያ አትምታ።»

«እግሬ መች ይታዘዘኛል? ጣቴ ደግሞ እየደረቀ ነው። ሐኪሙ ለከርሞ ጊታሩን እርሳው ብሎኛል። አንድ ቀን እንኳ አንደኛ ሳልባል ልቅር?»

አንጀቴን በላው። ጫማውን አስወለቅሁትና ከእግሩ ስር ትራስ አደረግሁለት። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል፤ አዳራሹ በሙሉ አፉን ይዞ ይስቃል። እሱ ግን ተጫወተ። እግሩ ትራሱን ቢደበድብም ድምፅ የለም። ስህተቷ ጋ ሲደርስ እንዴት አድርጎ እንደተሳሳታት! እኔ እንባዬ መጣ።

ቨርና ከብርድ ልብሱ ጀርባ ውጤቱን ተናገረች። «አንደኛ፣ ቁጥር አራት። ሁለተኛ፣ ቁጥር አስራ አንድ። ሦስተኛ፣ ቁጥር ሰባት።»

ዴልመስ ብርድ ልብሱን ገለጠው። «ሦስተኛ?»

ቨርና ፊቱን አየች፣ ከዚያ ካልሲውን። «ሰባት ቁጥር አንተ ነበርክ እንዴ?»

«ምን አጥፍቼ ነው?»

«ሌስተርኮ ሳያስበው ነው የሳተው። አንተ ስህተቷን ገና ከሩቅ ታደባባታለህ።»

«እና ያ ሁሉ ሁለተኝነትስ?»

ቨርና ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ።

«ባሌ አይደለህ? ሳዳላልህ ነዋ የኖርኩት።»