የደጊቱ ልብ በአቶ ነጋሽ እጅ

ደጊቱ ተጠያፊ ናት። አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል ከሚኖረው ሐበሻ መካከል ይህን የማያውቅ ካለ፣ ከትናንት ወዲያ ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። ሰው ቤት ስትጋበዝ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች፤ ምነው ሲሏት ቅርጹ ደስ ብሎኝ ነው ትላለች። የቤቱ እመቤት ቀምሳ መልሳ ድስቱ ውስጥ የከተተችውን ማማሰያ ካየች ያ ወጥ ለእሷ ሞቶ ተቀብሯል። የሰው ፎጣ አትነካም፤ እጇን ታጥባ በአየር ላይ እያራገፈች የምትቆመው ለዚህ ነው። ባሏን የፈታችው በካልሲው ምክንያት ነው ይባላል፤ ካልሲውን ያየ ሰው ደግሞ ቆየች እንጂ አልቸኮለችም ይላል።

እንዲህ ያለች ሴት ሄዳ ሄዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመቀመጫ ሥር ማስቲካ ፍቃለች፣ በሙዝ የታሸ ወንበር ጠርጋለች፣ ልጅ ሲያስታውክ ትውከት የሚመጠውን ዱቄት በትና ጓንቷን አጥልቃ በአማርኛ እየተሳደበች አጽድታለች። ልጆቹ ስድቡ የጸሎት ዓይነት ይመስላቸዋል፤ እንዲያውም አንዱ አሜን ማለት ጀምሮ ነበር። ያም ሆኖ ያን ቢጫ አውቶቡስ ትወደዋለች። ጠዋት ወንበሯ ላይ ወጥታ በሩን ስትዘጋ፣ ከዚያ ትልቅ መስታወት ጀርባ ማንም ሊነካት አይችልም።

ነገሩ የተበላሸው በጥቅምት፣ ስማይርና ከተማ ውስጥ በተደረገ ሠርግ ላይ ነው። ያበላሹትም አቶ ነጋሽ ናቸው።

አቶ ነጋሽ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ሰው ሲያመው ቀድመው የሚገኙ፣ ሲሞት የሚያስቀብሩ፣ አዲስ ለመጣ ሥራ የሚያፈላልጉ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ደግ ሰው። ደግነታቸው ግን በጣታቸው በኩል ይወጣል። ድግስ ላይ በአምስቱም ጣት፣ ወጡ እስከ አንጓቸው እስኪደርስ ይበላሉ። በመሃል በዚያው እጅ ጢማቸውን ይጠራርጋሉ፣ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ የሕፃን ጉንጭ ይቆነጥጣሉ። ከዚያ ከአውራ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ፣ ድምፁ እየተሰማ ይልሷቸዋል። ይህ ሁሉ ሲያበቃ የሎሚ ፍሬ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ይነሱና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሰው ማጉረስ ይጀምራሉ። እምቢ ያላቸው የለም። የእሳቸውን ጉርሻ መመለስ ማለት በነጋታው መላው አትላንታ ስለ አስተዳደግህ ሲወያይ መስማት ነው።

ደጊቱ ስምንት ዓመት ሙሉ አምልጣቸዋለች። አንዴ ሽንት ቤት ገብታ፣ አንዴ ጥርሴን ተነቅያለሁ ብላ፣ አንዴም ከሙሽራዋ ቬሎ ጀርባ ተከልላ። የዚያን ቀን ግን ግድግዳና ኬክ መሃል አገኟት። ጣቶቹ ሲያብለጨልጩ አየች። ከጥቅሉ ጫፍ ዘይቱ ወደ አንጓቸው ሲወርድ አየች። ሙሽሮቹ ፊት፣ ካሜራ ፊት ፈገግ አለች፣ አፏን ከፈተች፤ የሳቸው ጣት ጥርሷን ሲነካ ጆሮዋ ውስጥ ጩኸት መጣ፣ አዳራሹ ጠበበ፣ ከዚያ ኬኩ ላይ ወደቀች።

እሷ ሳትነሳ ወሬው ተነሳ። አርግዛ ነው ያሉ ነበሩ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው ሲባሉ ታዲያ ጉድ አይደል አሉ። ማታውን ግን ያሸነፈው ሌላ ወሬ ሆነ፦ ነጋሽ ዓይኑ ከባድ ነው፣ በጉርሻው በላት፤ አንድ ሰው ስንት ዓመት እንዲህ ቢያጎርስ ያለ ነገር ነው ወይ?

ሆስፒታል ውስጥ የልብ ሐኪሟ ምን እያደረግሽ ነበር ስትል ጠየቀች። እዚህ ላይ ደጊቱ ሐበሻ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተች። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ አስጠርታ ነበር፤ አስተርጓሚዋ ጤና ይስጥልኝ ስትል ድምፁ የአቶ ነጋሽ ሚስት እህት መሰላት። ቁርጥ እሷን። እንግዲህ በዚህች ስልክ በኩል የሽማግሌው እጅ አስጠልቶኝ ነው ይባላል? ምንም፣ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር፣ አለች።

ዝም ብሎ ቆሞ የወደቀ ሰው ለሐኪም ከባድ ነገር ነው። ልብ በድንገት ሲዛባም እንዲሁ ይወድቃልና። ወረቀቱ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደ፤ የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበሏት። ደረቷ ላይ የካርድ ስፋት ያለው ሞኒተር ተለጠፈ፤ ለአሥራ አራት ቀን እያንዳንዱን የልብ ምት ይመዘግባል፣ የሚሰማት ነገር ሲኖር ሞኒተሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለች። ምክንያቱ ከተገኘ ይታያል። ካልተገኘ ግን መንጃ ፈቃዷ አበቃ፤ ምክንያቱ ላልታወቀ ውድቀት ስድሳ ልጅ የሚያስረክብ የለም።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። ደረጃ ወጣች ወረደች። ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር በስልክ ተጨቃጨቀች። ሐምራዊት ቤት ሄዳ ሰው የሚታረድበት ፊልም አየች። ልቧ ሮጠ፣ መልሶ ተረጋጋ፤ ሌላ ምንም። ሐምራዊት የእህቷ ልጅ ናት፣ ነርስ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የግሮሰሪ በር ላይ ሐምራዊት መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ አጠገቧ የተቀመጠችው ደጊቱ እንባዋን ስትጠርግ አየችና እውነቱን ንገሪኝ አለቻት። ደጊቱም ጣቱን፣ ዘይቱን፣ መላሱን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

ሐምራዊት የመኪናውን ሞተር አጠፋች። “ቆይ አክስቴ፣ ሲሪየስሊ። ይሄንን ለዶክተሯ አልነገርሻትም?”

“ምን ብዬ? ለወሬኛዋ አስተርጓሚ?”

“ሁለት ፔዳል አለሽ እኮ” አለች ሐምራዊት፣ ለሾፌር በሾፌር ቋንቋ። ስትደነግጪና ስትናደጂ አንጎልሽ ነዳጁን ይረግጣል፤ አድሬናሊን ይፈስና ልብ ይሮጣል። ከአንጎል እስከ ልብ የሚወርድ ሌላ ረጅም ነርቭ ደግሞ አለ፤ እሱ ልብ ላይ ሌላ ኬሚካል ያንጠባጥባል፣ ያ ፍሬኑ ነው። ደም ሲያይ ወይም ሲጸየፍ አንጎሉ ፍሬኑን አጥብቆ የሚይዝ ሰው አለ፤ ልብ ይዘገያል፣ ደም ወደ ራስ አይደርስም፣ ሰውየው ይወድቃል።

ደጊቱ አላመነችም። ታዲያ የልጆቹን ትውከት ስጠርግ ለምን አልወድቅም አለች።

“እዚያ ጓንት አለሽ፣ ትሳደቢያለሽ፣ ዘወር ትያለሽ። ሠርጉ ላይ መሸሽ ፈልገሽ ነዳጁ ተረግጧል፣ መሸሽ ግን ነውር ነው። ቆመሽ እየሳቅሽ አፍሽን ስትከፍቺ ፍሬኑ እስከ ወለሉ ተረገጠ።”

ሁለቱን ፔዳል ባንዴ የረገጠ መኪና ምን እንደሚሆን ደጊቱ ታውቃለች። ሐምራዊት አሁኑኑ ለሐኪሟ ደውይና ንገሪ፣ አልጋ ላይ አስረው ቀጥ አድርገው እያቆሙ ልብን የሚያዩበት ምርመራም አለ አለቻት። ደጊቱ ደወለች፤ ለምርመራው የተሰጣት አፖይንትመንት በጥር ሆነ። እስከ ጥር አውቶቡሷን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ሞኒተሩ ሊነሳ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እሑድ ደግሞ አቮንዴል እስቴትስ ውስጥ የእድሩ አባል የመዓዛ የልጅ ልጅ ክርስትና ነው፤ አቶ ነጋሽ የማይቀሩበት ድግስ።

ደጊቱ ሞኒተሩ ደረቴ ላይ እያለ ሄጄ ልጉረስ ስትል ሐምራዊት እብድ ነሽ አለች። ከዚያ ከኋላሽ እቆማለሁ አለች።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ደርሰው ያዩት ግን ያልጠበቁትን ነው። አቶ ነጋሽ ጥግ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረዋል። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ከሠርጉ ወዲህ ማንንም አጉርሰው አያውቁም። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ልጅ ወደሳቸው ሲሄድ እናት ትጎትታለች። የሚበሉትም በሹካ ነበር፣ እንደ ታመመ ሰው።

ደጊቱ ወደ ጥጉ አመራች። ስምንት ዓመት የሸሸችውን እጅ ሄዳ መለመን ሊኖርባት ነው።

“ጋሽ ነጋሽ” አለች ፊታቸው ቆማ፣ “እኔን ማጉረስ ተዉ እንዴ?”

 ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። “ደጊቱዬ፣ ልጄ፣ አንቺስ አልፈራሽኝም?” አሉ። ከዚያ አለቀሱ። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ አፍንጫቸውንም በዚያው ጠራረጉ፣ ጢማቸውን አበሱ፣ በዚያው ባልታጠበ፣ በረጠበ መዳፍ ክትፎውን አፈሱ። ጠቀለሉት። አሹት። ጫፉን በምላሳቸው አስተካከሉት።

ደጊቱ ይህን ሁሉ አየች። የሚያሳዝነውም የሚያስጠላውም ባንድ ጣት ላይ ሆኖ መጣ። ልቧ ጉሮሮዋ ሥር ሲደልቅ ተሰማት፤ የሞኒተሩን ቁልፍ ተጫነች፤ አፏን ከፈተች። ጨዋማ ነበር። ከቅቤው ያልሆነ ጨው። ከዚያ ጨለመባት፣ ሐምራዊት ክንድ ላይ ተዘረጋች።

በማክሰኞው ቀጠሮ ሐኪሟ ወረቀቱን ዘረጋችላት። መጀመሪያ መስመሩ ተጠጋግቶ ይሮጣል፣ ከዚያ በአንዴ ይሳሳል፣ ከዚያ አምስት ሰከንድ ባዶ ሜዳ። አምስት ሰከንድ የደጊቱ ልብ አልመታም። በዚህ ጊዜ ደጊቱ አስተርጓሚ አልፈልግም ብላ በገዛ እንግሊዝኛዋ ሁሉንም ተናገረች፤ መዳፉን፣ አፍንጫውን፣ ምላሱን። ሐኪሟ ስትሰማ ፊቷ ተጨማደደ፤ ባለሙያ ስለሆነች ቶሎ አስተካከለችው። ልብሽ ጤነኛ ነው፣ ፍሬንሽ ነው ስሜት የሚበዛበት፣ አለች። ሲጀምርሽ ወለል ላይ ተኝተሽ እግርሽን ወደ ላይ ስቀይ፤ የሚያመጣብሽን ነገር ደግሞ ራቂ። ለመሆኑ እንዲህ እየጠላሽው ለምን አፍሽን ከፈትሽ ብላ ጠየቀች።

“ጥሩ ሰው ነው” አለች ደጊቱ። ሐኪሟ ይህን የምትጽፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አላገኘችም።

የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ደብዳቤውን አይቶ ቁልፏን እንዲመልሱላት ፈረመ። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሷ ላይ ወጣች፤ ተተኪው ሾፌር መሪው ላይ የተወውን የድንች ጥብስ ቅባት እየጠረገች ረገመችው። ከኋላ አንዱ አሜን አለ።

ስኮትዴል ግን የሐኪም ወረቀት አያነብም። ሁለት ጊዜ በአንድ ሰው እጅ መውደቅ ማስረጃ ነው ተባለ፤ አቶ ነጋሽ በእድሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበርነቱን እንዲለቁ ሊጠየቁ ነው ተባለ። ቅዳሜ ቤቷ ድረስ መጡ። ከበሩ አልገቡም፤ ኮፍያቸውን ይዘው፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ ሳላውቀው እንዲያ ያለ ነገር አለብኝ ወይ፣ አሉ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ከዓይናቸው ይታያል።

ደጊቱ ሁለት ነገር በእጇ ላይ መዘነች። ሽማግሌው ቡዳ መባላቸው፣ ወይስ ቆሻሻ መባላቸው። ሌላ መንገድ የለም።

“ጋሽ ነጋሽ፣ ዓይንዎ አይደለም። እጅዎ ነው። ያስጠላኛል።”

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ደጊቱ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ እየሳቁ ነው። “ይሄማ በሳሙና ይለቃል” አሉ፤ ይህንኑ እሑድ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ፣ አንቺም ትመሰክሪያለሽ አሉና ገቡ። ወጥ ቤቷ ውስጥ በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ደጊቱ አዲስ ፎጣ ስታቀርብ ግን ጊዜ አልሰጧትም፤ ያን የጥንት መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረቁበት፣ አፍንጫቸውንም በመጨረሻ። ከዚያ ምሳዋ ላይ ካለው ጥብስ ጠቅልለው፣ “አሁንስ?” አሉ።

ደረቷ ውስጥ ሁለቱም ፔዳሎች ሲነቃነቁ ተሰማት።

“አይ ጋሽ ነጋሽ። አልፈልግም። እርስዎ ይጉረሱት።”

ምንም አልሆነም። ጣሪያው አልወደቀም፣ እሷም አልወደቀችም። ሽማግሌው እሺ ልጄ ብለው ራሳቸው ጎረሱት፤ ጣታቸውን ከአውራው ጀምረው አንድ በአንድ፣ ድምፁ እየተሰማ ላሱ። ደጊቱ ልቧን አዳመጠች፤ ልክ እንደ ሰው ልብ ይመታል። ስትጸየፍ እንኳ ይመታል። ስቃ ወደ በሩ ልትሸኛቸው ዞረች።

አቶ ነጋሽ ግን ሳይመርቁ የወጡበት ቤት የለም። ተባረኪ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እያሉ ያን አሁን ልሰው የጨረሱትን ሙሉ መዳፍ ፀጉሯ ላይ ጫኑት፤ ሳይቸኩሉ አሻሹት።

ደጊቱ አንድም ቃል ሳትናገር ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተንጋለለች፤ ሐኪሟ እንዳዘዘቻት ሁለቱንም እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰቀለች።