ወንድሜ አገሩን የወደደበት ገጽ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ጅማ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ «ከሩቅ ሆኜ የምወዳት አገሬ» የሚል ጽሑፍ በስልክ ላከችልኝና እንዳርምላት ጠየቀችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። ግንቡ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ንጹሕ አየር አለ፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ አለ። አየሩን ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው ኖሬአለሁ፤ ክረምት ላይ ከማሳሳሉ በቀር የተለየ ነገር አላገኘሁበትም። ደጋውን ኮሶዬን «ገነት» ብላዋለች፤ ኮሶዬ ላይ አንድ ሌሊት በብርድ ያደረ ሰው እንደዚያ አይልም፣ እርሷም ያየችው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ይህን ሁሉ ፊደሉን ብቻ አርሜ ማለፍ እችል ነበር። ያላስቻለኝ መጨረሻው ነው። እዚያ ላይ አያቷ፣ ማለትም ወንድሜ ላቀው፣ በዚያ በጨለማ ዘመን እኅቱን ያስተማረ ብርሃን እንደ ነበር ትተርካለች። እኅቱ እኔ ነኝ። ሌላ እኅት የለውም።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር አንዱ ግድግዳው የሚላጥ፣ በበጋ የምንለስነው የጭቃ ቤት። እናታችን ቀድማ ስለ ሞተች ውሃ የምቀዳው፣ ቤት የምጠርገው፣ ወጥ የምሠራው እኔ ነበርሁ። አባታችን የመጻሕፍት መምህር ነበሩ፤ ከአንዲት የዳዊት ቃል «አንድም» እያሉ ሦስትና አራት ፍቺ የሚያወጡ፣ ተማሪዎቻቸው ከሩቅ አገር የሚመጡላቸው ሰው። በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት የማነብላቸው እኔ ሆንሁ፤ ዳዊት ያስደገሙኝ እርሳቸው ስለሆኑ የማንንም ንባብ እንደኔ አያምኑም ነበር። ዳዊት ሳነብ አንዲት ቃል ከዘለልሁ ጣታቸው ጆሮዬን ታገኛታለች፤ ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ ጆሮዬ የት እንዳለች አልጠፋቸውም።

ላቀው አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። በእርሱ ምክንያት አባቴ ለዘመናዊው ትምህርት ልባቸው ስለ ተከፈተ እኔንም መንግሥት ትምህርት ቤት ሰደዱኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ጠዋት ውሃ ቀድቼ፣ ቁርስ አቅርቤ፣ ደብተሬን በነጠላዬ ጠቅልዬ ዳገቱን እሮጣለሁ። ለአገሬ ፍቅር የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ከነበረኝ፣ የትምህርት ቤቱን ደወልና ከሦስተኛው መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበሬን ይመስለኛል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ በማኪና ሲመጣ ከላቀው የተላከ መጽሔት ይዞልን መጣ። ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው፤ በውስጡ «ስለ አገሬ የምወደው» የሚል የላቀው ጽሑፍ ታትሞበታል። አባቴ የልጃቸው ስም በማተሚያ መውጣቱን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የአባቴ ወዳጅ አያ ብሩ የሚባሉ የኮሶዬ ገበሬም ገብስ ይዘው ከተማ ወርደው እኛ ቤት ነበሩ። ቆሜ አነበብሁ። ተራራው «ሰማይን የሚስም» ነበር፤ ገብሱ «በነፋስ የሚዘፍን» ነበር። አያ ብሩ ገብሳቸው መዝፈኑን የሰሙት ያን ዕለት ነው። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፤ «የአገሬ ልጃገረድ እንስራዋን አዝላ ከቀሐ ስትወጣ ሳስባት ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ከተማ ያልነካት፣ ትምህርት ያልበረዛት፣ እንደ ደጋ ምንጭ የጠራች!»

ላቀው በሕይወቱ እንስራ አዝላ ከቀሐ ስትወጣ ያያት አንዲት ልጃገረድ ብቻ ነበረች። አንድ ቀንም ወርዶ እንስራውን አላሸከማትም። አሁን እንስራዬን ትቶልኝ ደብተሬን ወስዶ ከአዲስ አበባ እንባ ያቀርርልኛል።

«እስቲ ድገሚው» አሉ አባቴ።

ደገምሁት። መዝለል ይቻል እንደ ነበር ያሰብሁት ካነበብሁት በኋላ ነው።

አባቴ በጉባኤ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ ጀመሩ። «መበረዝ ማለት ንጹሑን ነገር ማደባለቅ ነው፤ ጠጅ በውሃ ይበረዛል። እንግዲህ ትምህርት ሴት ልጅን ይበርዛል ማለቱ ነው። አንድም፣ ከቀሐ የምትቀዳ ልጃገረድ በዚህ ቤት ማን ናት? እኅቱ ናት። በግልጥ ጽፎ ቤቱን እንዳያሳፍር በምሳሌ ሰወረው። ከትምህርት ቤት አውጧት ሲል ነው።»

«ሸጋ ተናገረ!» አሉ አያ ብሩ። «እኔ ስንት ጊዜ አልሁ? ባላገሩ ሲናገረው አይሰማም፤ አሁን ከአዲስ አበባ ታትሞ መጣላችሁ!»

«አባባ፣ ስለ እኔ አይደለም» አልሁ።

«ታዲያ ስለ ማን ነው? ኮሌጅ ከገባው ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ?»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጻፈ ቃል በከንቱ እንደማይጻፍ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ የሚያደርገውን አጥቶ ቃል ሊደረድር እንደሚችል ከየት ይወቁት? በማግስቱ ትምህርት ቤት ቀረሁ። ሰኔ ሳይገባ አያ ብሩ ሽማግሌ ላኩና ለልጃቸው ታጨሁ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ክረምት ላይ ላቀው ለዕረፍት መጣ፤ ጫማ አድርጎ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ። የናፈቀው አገር በሁለተኛው ቀን ሰለቸው። ቁንጫው አላስተኛውም፤ ጭቃው ጫማውን አበላሸው፤ የጠራውን የምንጭ ውሃ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ እንዳፈላለት አዘዘኝ። ሲጠጣ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«ምነው እንደዚያ ጻፍህ?»

«ስለ አንቺ እኮ አይደለም» አለ። «ስለ ኢትዮጵያ ልጃገረድ በጠቅላላው ነው።»

«የኢትዮጵያ ልጃገረድ በጠቅላላው ጥር ላይ ኮሶዬ ልትዳር ነው። ለአባባ ንገርልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ፣ አታስቢ።»

በእሑድ ከቅዳሴ መልስ ካህናቱ ቤታችን ተሰበሰቡ። አባቴ ያንን ገጽ በቃላቸው አሉላቸውና ትርጓሜያቸውን አስከትለው፣ «እንዲህ ማለትህ አይደለምን?» ብለው ወደ ላቀው ዞሩ። ካህናቱ ሁሉ ጎረምሳውን በአድናቆት ያዩታል። እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ላቀው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አባባ እንዳሉት ነው» አለ። ጠላውን ቀድቼ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ መስከረም እስኪጠባ ቀኑን ሲቆጥር ቆይቶ ሄደ፤ እኔም ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነጋገርሁትም።

ኅዳር ላይ ከእርሱ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ብቻቸውን ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። ደብዳቤው በሶና ወፈር ያለ ጋቢ እንዲላክለት ይጠይቃል፤ ሌላ ምንም የለበትም። በሶውን አነበብሁ፣ ጋቢውን አነበብሁ፤ ድምፄን ሳልለውጥ ቀጠልሁ። «ስለ አገሬ ልጃገረድ የጻፍሁትን አባባ ተርጉመውት ነበር፤ በሰው ፊት ማረም ድፍረት መስሎኝ ዝም አልሁ። ትምህርት ያልበረዛት ማለቴ ያልተማረችውን አይደለም። ያልተማረችውንማ ትምህርት ምን አግኝቶ ይበርዛታል? ተምራ ሳለች ያልተበረዘችውን ላመስግን ብዬ ነው። ስለዚህ እኅቴን ወደ ትምህርት ቤት መልሱልኝ።»

ወረቀቱን መልሼ አጠፍሁት።

«ድገሚው» አሉ። ቃል በቃል ደገምሁት፤ ያን ጊዜ ያልሁት አይጠፋኝም ነበር። አባቴ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «እውነት ነው! ወይን በሌለበት ጋን ውሃ ቢጨመር በረዘው አይባልም። እኔ እንዴት ይህን አጣሁት?» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። ተማሪዎቻቸውን ጠርተው አሰሟቸው። በሳምንቱ ለአያ ብሩ ልከው ቃላቸውን አፈረሱ፤ ይህ ለአንድ ካህን ቀላል አልነበረም። አያ ብሩ ደጃችን ቆመው፣ «የመምህር ቃል እንዲህ በየወሩ የሚገለበጥ ከሆነ እኛ ባላገሮቹ በምን እንደር?» ብለው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ገብስ ይዘው አልመጡም። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔም ጥር ላይ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ወንበሬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦበት አገኘሁት፤ ከበሩ አጠገብ ሰጡኝ።

ላቀው በሁለተኛው ዓመት ሲመጣ አባቴ ያንን ቃል በፊቱ አነበነቡለትና ግንባሩን ሳሙት። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። ያልጻፈው መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እርሱም ያውቃል። «ብዙ አስቤበት ነው የጻፍሁት፣ አባባ» አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አልቆጣም፤ ለቁጣም የሚበቃ ነገር አላገኘሁበትም። ሹመት ባገኘ ጊዜ፣ በሠርግም በለቅሶም፣ እኅቴን ያስተማርሁ እኔ ነኝ እያለ ይናገር ነበር፤ ደጋግሞ ስላለው በመጨረሻ ራሱም ያመነው ይመስለኛል።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ፤ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። የጠፋው ሌላ ነው። ከዚያ ኅዳር በኋላ ለአባቴ ያነበብሁላቸው ደብዳቤ ሁሉ እንደ ተጻፈው አልነበረም። ላቀው «ዘንድሮ አልመጣም» ብሎ ከጻፈ እኔ ናፍቆት እጨምርበታለሁ፤ ጤናቸውን ሳይጠይቅ ከቀረ እጠይቅለታለሁ። አባቴም እያንዳንዱን ቃል አመላልሰው ይተረጉሙታል፤ ከእኔ ጋር ግን ስለ አየሩና ስለ ወጡ ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

ሊሞቱ ሰሞን፣ ካህናቱ አልጋቸውን ከበው ሳለ፣ ከተማሪዎችዎ ማን ተተካልዎ ብለው ጠየቋቸው። እኔ ውሃ ይዤ ራስጌያቸው ቆሜአለሁ። አባቴ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዳ ልጆች ብዙ አሉ፤ ከአብራኬ ከወጡት ግን ትርጓሜዬን የወረሰ ላቀው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እኔን ራሴን አርሞኛል» አሉ። ካህናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አንገታቸውን ቀና አድርጌ ውሃውን አጠጣኋቸው፤ ትራሱንም አስተካከልሁላቸው።