ቅዳሜን የሰጠችኝ ዘውድነሽ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ደግመው ደወሉ።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ከገበያ ያስገዛችውን ሽንኩርት እያካፈለችኝ «እትዬ ደብሬ፣ ነገ ተረኛ አይደለንም። ንባብዎን እንዳይረሱ!» ብላኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሞተች አሉኝ። አመመኝ እንኳ አላለችም።

ለማታውቋት፣ ዘውድነሽ የሆስፒታላችን ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። እኔ ቢሮዎቹን አጸዳለሁ።

እኛ ጋይንት ገበሬ ሐኪም ቤት የሚመጣው በሬ በሚፈታበት ቀን ነው። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ማርያም፣ ሚካኤል፤ ያን ቀን ካርድ መስኮቱ ላይ ሰው ይረጋገጣል። ስለዚህ ሰባቱንም ቀን ግቡ ተባልን፤ ገባን። ዘውድነሽ ዓይኗ ደም ለብሶ የአንዱን ካርድ ለሌላው ስትሰጥ አይቻለሁ። ሰው ሰደባት። አለቆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ነበሩ።

እኔ «ተይው፣ የድሃ ዕረፍቱ መቃብር ነው» እላት ነበር። ትቆጣለች።

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ? በሬ እንኳ በሰንበት ይፈታል!»

ይህንኑ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች። አለቃው «እና አንቺ በሬ ነሽ?» ሲላት ቤቱ ሳቀ።

«በሬ ብሆንማ ገበሬው ያዝንልኝ ነበር» አለችው።

ያን ጊዜ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ውሎ አድሮ በተራ እንድንገባ ተፈቀደ።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ምን እንደማደርጋት ጠፋኝ። እሷ እርሳስ ይዛ ቤቴ መጣች። አርጅቻለሁ ብላት «ፊደል ዕድሜ አይጠይቅም» አለችኝ። እየተሳደብኩ ተማርኩ፤ እየሳቀች አስተማረችኝ። በቀልድ «የኔታ» እላት ነበር። ይህን የምጽፈው በገዛ ጣቴ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም መልእክት ገባ። ሐዘኑ አንድ መስመር ነው። ከሥሩ «ቦታዋ እስኪሞላ ሁሉም ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ ይገባል» ይላል። ሬሳዋ ገና ቤት ነው!

ማንንም አንብቡልኝ አላልኩም። ራሴ አነበብኩት። መልስም ጻፍኩበት፦ «በሬ እንኳ በሰንበት ይፈታል።» የሚሆነውን እናያለን።

ዘውዴ፣ ሰው ሁሉ «ዕረፊ» ይልሻል። እኔ አልልሽም። ዕረፍት የሙታን ብቻ አይደለም ብለሽ ነው የተሟገትሽልን። በቁሜ ያረፍኩት ባንቺ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ። ነገ ለቀብርሽ ወገዳ ድረስ መጥቼ እሸኝሻለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ንባቤን አልረሳም።

ደህና ሁኚ፣ የኔታ።