በመኪናዬ መስታወት ላይ የተገኘው የጸሎት ካርድ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ምስክርነት አለኝ ብዬ ሽማግሌዎችን የጠየቅኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዕድሜዬን በሙሉ በዜና ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ የማላውቀውን ደግሞ አላውቅም ብዬ እነግራችኋለሁ። ጌታ በዚህ የሚከብር ይመስለኛል። ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ማይኩን ከፍ አድርጉልኝ፤ ምክንያቱን ትሰሙታላችሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ከአዳራሹ ሳይሆን ከፓርኪንጉ ነው። ባለቤቴ ሰብለ የዚህች ጉባኤ አባል ከሆነች ቆይታለች። በየእሑዱ ከምንኖርባት ከሳክሲ ከተማ ይዣት እመጣለሁ፤ እሷ ትገባለች፤ እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ለሳምንታዊው የአማርኛ ሬድዮ ፕሮግራሜ ዜና አዘጋጃለሁ። የሕንጻው ባለቤቶች፣ አሜሪካኖቹ ሉተራኖች፣ የጠዋቱን አምልኮ ጨርሰው ሲወጡ አያለሁ። ከሰዓት በኋላ እናንተ ስትገቡ አያለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። "ና፣ ግባ እንጂ" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሴ አንድ ነበር፤ "እዚሁ ይሻለኛል።"

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አገር ቤት ሳለሁ አንድ ሰው ከስኳር በሽታ ተፈወሰ ተብሎ በአንድ ስብሰባ ላይ መሰከረ። ከሁለት ወር በኋላ ነገሩን ላጣራ ቤቱ ሄድኩ። አልጋ ላይ አገኘሁት። መድኃኒቱን አስጥለውት ኖሯል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ "እምነቱ ጎድሎ ነው አሉን" አለችኝ። ያንን ጽፌ አወጣሁ፣ ብዙ ተሰደብኩ፣ ከዚያ በኋላ ምስክርነት የሚባል ነገር መስማት አቆምኩ። እግዚአብሔር የለም አላልኩም። ስለ እሱ የሚወራውን ማጣራት ደከመኝ ነው ያልኩት።

ወደ ባለፈው ዓመት ልምጣ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ጢሜን ስላጭ በአንገቴ ቀኝ ጎን እብጠት ነካሁ። ዶክተር ጋ ሄድኩ፤ አልትራሳውንድ ታዘዘ፤ ከዚያ በመርፌ ናሙና እንዲወሰድ፣ ባዮፕሲ ማለት ነው፣ አፖይንትመንት ተያዘልኝ። ለሰብለ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ኮሌታዬን እስከ ላይ መቆለፍ ጀመርኩ፤ በየቀኑ ራት ላይ ስለ ትራፊክ እያወራሁ አምስት ሳምንት አለፈ። የምተዳደረው ኤርፖርት ጭነት ክፍል ነው፤ ሰው የሚያውቀኝና እኔም ራሴን የማውቀው ግን በሬድዮ ድምፄ ነበር። የፈራሁት እሱን ነው።

በዚህ መካከል አድቬንት፣ ከልደት በፊት ያሉት አራት የዝግጅት ሳምንታት፣ ገባ። የዚህችን ጉባኤ ልማድ ያኔ አላውቀውም ነበር። በመጀመሪያው እሑድ የሁሉም ሰው ስም በቅርጫት ይቀርባል፣ እያንዳንዱ አንድ ስም ያወጣል፣ ለወጣለት ሰው እስከ ልደት ቀን በስውር ይጸልያል። የጸለየው ሰው ማንነት እስከዚያ አይነገርም፤ ካርድ ግን መተው ይቻላል።

በሁለተኛው እሑድ ከመኪናዬ ወርጄ ጥቂት ተራመድኩና ተመለስኩ። በመስታወቱ መጥረጊያ ሥር ወረቀት ተቀምጧል። ማስታወቂያ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ገልብጬ አነበብኩት፤ "ስለ አንገትህ ቀኝ ጎን በየማለዳው እጸልያለሁ" ይላል። ስም የለውም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ያንን ሳነብ ሃሌ ሉያ አላልኩም። ያልኩት "ምስጢሬን ማን አወጣው?" ነው። ዶክተሩ የቡና ላይ ወሬ የሚያወራ ሰው አይደለም። የቀረችው ሰብለ ናት።

ከአምልኮ ወጥታ ቀበቶዋን እያሰረች ሳለ ጀመርኳት።

"ማን ነገረሽ?"

"ምኑን?"

"አትቀልጂብኝ። ደብዳቤውን ከፍተሽ አንብበሻል።"

"የምን ደብዳቤ?"

"የባዮፕሲውን ነዋ።"

ወደ እኔ ዞረች። ስንት ጀማሪ ጋዜጠኛ አስተምሬአለሁ፤ ምንጭህን ስትጠይቅ አንተ የምታውቀውን አስቀድመህ አትዘርግፍ እያልኩ። ምስጢሬን ያወጣሁት እኔው ራሴ ሆንኩ።

"መኪናውን ጥግ አሲዘው" አለች። አንድ ነዳጅ ማደያ ገባሁ። እጇን ዘርግታ ኮሌታዬን ፈታችና እብጠቱን ነካች።

"ስንት ጊዜህ ነው?"

"አምስት ሳምንት።"

"አምስት ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ራት እየበላህ?"

"ውጤቱ ሳይታወቅ ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም።"

"ያልተጣራ ዜና አይነገርም፣ አይደል? እኔ እኮ አድማጭህ አይደለሁም፤ ሚስትህ ነኝ።"

አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ "አፖይንትመንቱ መቼ ነው? ሥራ ኦፍ እጠይቃለሁ" አለች። ከዚያ ካርዱን አሳየኋት። ደጋግማ አነበበችው። "እኔ አልጻፍኩትም። ስምህንም ቅርጫት ውስጥ አላስገባሁም፤ አባል አይደለህም፣ እንዴት አድርጌ?" አለች። አመንኳት። አሁን ጥያቄው ሁለት ሆነ። ማን አወቀ? ስሜንስ ማን አስገባው?

ማክሰኞ ለባዮፕሲው አብረን ሄድን። ዓርብ ዶክተሩ ጠራን። "ካንሰር ነው" አለ። "ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፣ ቶሎም ተገኝቷል። ነገር ግን ድምፅህን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በእጢው ጀርባ ነው የሚያልፈው።" ድምፄ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቅኩት። "የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልህም" አለኝ። አነጋገሩን ወደድኩለት። ውጤቱን ግን አልወደድኩትም።

በሦስተኛው እሑድ ወደዚህ አዳራሽ ገባሁ። በእምነት ገባሁ ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ፤ የገባሁት የካርዱን ጸሐፊ ፍለጋ ነው። በስተኋላ ተቀመጥኩ። በአድቬንቱ የቅጠል አክሊል ላይ፣ ለሦስተኛው እሑድ፣ ሦስት ሻማ በርቷል። የዕለቱ ስብከት ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ነበር፤ እስር ቤት ሆኖ ጌታን የምንጠብቀው አንተ ነህ ወይ ብሎ ሰው ልኮ እንዳስጠየቀው። ጌታ አልተቆጣም። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ሄዳችሁ ንገሩት ብሎ መለሰ። ማስታወሻዬን አወጣሁ። ነቢይ የሚያህል ሰው፣ እስር ቤት ሆኖ፣ ለማጣራት ጠየቀ፤ የተሰጠውም መልስ ማስረጃ ነው። ይህንን በሕይወቴ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁ ይሆናል። ጌታ ይመስገን፣ ያን ቀን ሰማሁት።

ከስብከቱ በኋላ አንድ ወረቀት ከበር ወደ መድረክ ሲተላለፍ በእኔ እጅ አለፈ። "የነጭ ካምሪ ባለቤት፣ የቀኝ ጎን መብራትህ አልጠፋም" ይላል። ከኪሴ ካርዱን አወጣሁ። ያው እጅ ጽሑፍ፣ ያው ሰማያዊ ቀለም፣ ያው ቀኝ ጎን። ወረቀቱ ከማን እንደመጣ ስጠይቅ፣ የላኩት ፓርኪንግ የሚያስተናግዱት ጋሽ ታደለ ናቸው አሉኝ። ቢጫ ሰደሪያቸውን ለብሰው ውጭ ቆመው አገኘኋቸው።

"ጋሽ ታደለ፣ ካርዱን የጻፉት እርስዎ ነዎት።"

"እስከ ልደት አይነገርም።"

"ጽሑፍዎን አመሳክሬአለሁ።"

"አንተ ሰው፣ ጋዜጠኛ ነህ ፖሊስ?" ሳቁ። "እሺ፣ ተያዝኩ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? አገር ቤት ገጠር ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ስንት እንቅርት አይቻለሁ መሰለህ። መኪና ሪቨርስ ስታደርግ አንገትህን አታዞርም፣ እንደ ግንድ ከነትከሻህ ነው የምትዞረው። በዚህ በቴክሳስ ሙቀት ደግሞ ኮሌታህን እስከ ጉሮሮህ ትቆልፋለህ። ሐኪም የሚሸሽ ሰው እንዲያ ያደርጋል።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ብጠይቅህ 'እዚሁ ይሻለኛል' ልትለኝ አይደል?"

ስሜ እንዴት ቅርጫት እንደገባ ጠየቅኳቸው። "እኔ አስገባሁት" አሉ። "ሽማግሌዎቹ አባል አይደለም አሉኝ። ከአባሉ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣ እሱ ነው አልኳቸው። በፓርኪንጋችን የቆመ ሰው የእኛ ነው አልኳቸው። ያንተን ስም ያወጣችው እህት ማን እንደሆነ አላውቀውም ስትል ጊዜ ተቀያየርን። ደንብ ነው የጣስኩት፤ ጻፈው እንግዲህ።"

ውጤቱን ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ድነሃል አላሉኝም። "ቀዶ ጥገናው መቼ ነው? ቀጠሮህን እንዳታሳልፍ። የሚሰጡህን መድኃኒት አንዲት ቀን እንዳትዘል። እኔ ጸሎቴን አላቋርጥም" አሉኝ። ከዚያ፣ "አሁን ልጸልይልህ?" ሲሉ ይጸልዩ አልኳቸው። ለቀዶ ሐኪሙ እጅ ጸለዩ፣ ለሰብለ እንቅልፍ ጸለዩ፣ ለድምፄ ጸለዩ። በመጨረሻ፣ "ጌታ ሆይ፣ ድምፁ ቢወሰድበት እንኳ አንተ አትራቀው" አሉ።

እጃቸውን የያዝኩት እዚያ ጋ ነው። ማንም ሊያታልለኝ ቢፈልግ እንዲህ ያለ ጸሎት አይጸልይም። ሰው ያላየው የመሰለኝን ፍርሃቴን አንድ ሽማግሌ በዝምታ አይተውታል፤ በየማለዳውም ይዘውት ቆመዋል። እኒህን ሰው የላከ ማን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱን ሸሽቼ ማምለጥ አልቻልኩም። ሰብለ ከአዳራሹ ስትወጣ ሁለታችንን እጅ ለእጅ ተያይዘን አገኘችን። ራሴን ለጌታ የሰጠሁት በዚያ እሑድ ነው። ስሙ ይክበር።

በጥር ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ስነቃ ነርሷ ስምህን ተናገር አለችኝ። ያልኩት "ሰብለ" ነው፤ ሻካራና ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ። ዶክተሩ እጢው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ነግሮናል። በየጠዋቱ ኪኒን እወስዳለሁ፣ በየስድስት ወሩ እመረመራለሁ፣ እስካሁን አዲስ ነገር አልታየም። የሬድዮ ድምፄ ግን አልተመለሰም፤ ይኸው የምትሰሙት ነው። አሁን ዜናውን እኔ እጽፋለሁ፣ የምታነበው ሰብለ ናት። አድማጮች እሷ ትሻላለች ይላሉ፤ አጣርቻለሁ፣ እውነት ነው።

ተፈውሰሃል ወይ ለምትሉኝ፣ ስለ አንገቴ ሐኪሙ የሚያውቀውን ያህል አውቃለሁ። ስለ ልቤ ግን እመሰክራለሁ፤ ጌታ አግኝቶኛል፣ አመሰግነዋለሁ። ከመካከላችሁ ለማንም ያልነገራችሁትን ፍርሃት ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ በጌታ ታመኑ። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁት፤ አይቆጣም። ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ ደግሞ አብሯችሁ ራት ለሚበላ ሰው ንገሩ። የእኔ ቀጣዩ ምርመራ በየካቲት ነው። ቀኑን እንኳ እኔ ረስቼዋለሁ፤ ሰብለን ጠይቋት።