ሀጂራ ቁጭ ያለች ዕለት

የቦንጋ ሰው ሀጂራ ሻፊን የሚያውቃት ስትሮጥ ነው። ገበያው ዳር ባለች ሱቋ ስኳር ስትመዝን እንኳ አንድ እግሯ ደጅ ነው። ጎረቤቷ ጋሽ ለገሰ፣ «አንቺ እኮ ለራስሽ ቀብርም ቀድመሽ ትደርሻለሽ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም፣ «እርስዎ ደግሞ ለራስዎ ያረፍዳሉ» ትላቸዋለች።

ሞባይል ገና ቦንጋ ባልገባበት ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የክረምት ከሰዓት አባቷ ጠፉባት። ሽማግሌው ሻፊ በጉብዝናቸው በበቅሎ ጭነው የከፋን አገር ያዳረሱ ነጋዴ ነበሩ፤ ዕድሜ ግን ልባቸውን ወደዚያ ዘመን መልሶታል። ማለዳ ማለዳ የሌሉትን በቅሎዎች እየጫኑ ያንጎራጉራሉ፦

ጭነቴ ሳይገባ መንገዱ ርቆብኝ፣
ልቤ ቀድሞ ሄደ በቅሎዬን ጥሎብኝ።

ዕለቱ የሺሺንዳ ገበያ ስለነበር ጋሽ ለገሰ፣ «ነጋዴ ከገበያ ሌላ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ሰዉን ሁሉ ይዘው ወደ መኪና መንገዱ ወጡ። ሀጂራ ግን አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት፣ «አንድ ሽማግሌ በማንኪራ ጫካ በኩል ሲወርዱ አይቻለሁ» ስላለቻት ብቻዋን ወደ ጫካው ሮጠች።

ጭጋጉ ከዛፍ ዛፍ ተንጠልጥሏል። «አባባ» ብላ ትጮኻለች፤ ገደሉ ድምፅዋን መልሶ ይወረውርባታል። ቁጥቋጦው ሁሉ ነብር፣ የወደቀው ግንድ ሁሉ አባቷ እየሆነባት ወደ ላይ ሮጠች፤ መልሳ ወደ ታች። ያለፈችበትን እንደገና አለፈችበት። ሊመሽ ነው። ከመሸ ደግሞ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጫካ፣ እሳቸውን የመሰለ ሽማግሌ ሌሊቱን አይወጣውም።

በመጨረሻ አንድ የዛፍ ሥር ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ የሰማችው የገዛ ልቧን ነበር። ልትነሣ አልቻለችምና ከፍርሃቷ ጋር ቁጭ አለች፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው፣ እስኪበርድለት ድረስ። ልቧ ረገብ ሲል የቅጠሉ ጠብታ ተሰማት፤ ከጠብታው ዝቅ ብሎ ደግሞ ወንዝ። እስካሁን ጩኸቷ የሸፈነባት ወንዝ።

«የዐስር ሰላት ደርሷል» አለች ለራሷ። «ለሰላት ታጥቤ ዉዱ የማደርግበት ውኃ...»

ሐሳቧ እዚያው ላይ ቆመ። አባቷ ስንቱን ረስተዋል፤ የልጃቸውን ስም ሳይቀር። ሰላት ግን አልረሱም። በቅሎ ጫኝ ደግሞ የዐስር ሰዓት ሲደርስበት የሚያራግፈው ውኃ ዳር ነው።

ቁልቁል ወረደች፤ አሁን አልሮጠችም። ሻፊ ጫማቸውን አውልቀው ከዳር ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። የደፈረሰው ውኃ ቁርጭምጭሚታቸውን ይልሳል። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ደንግጠው ዘወር ካሉ ወንዙ ይወስዳቸዋል። ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ዉዱ እያደረገች እስኪያዩዋት ጠበቀች።

«ማነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሀጂራ ነኝ፣ አባባ። ልንሰግድ ነው።»

«በቅሎዎቹስ?»

«ሣር ላይ ናቸው። እጅዎን ይስጡኝ፤ ቀስ ብለው።»

ቀስ ብለው መጡ። ደረቁ ላይ ሲወጡ እጃቸውን አልለቀቀችም፤ ዳገቱ ድረስ ይዛቸው ወጣች። እዚያ ሻፊ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉና ቀድመው ቆሙ፤ እሷ ከኋላቸው። ግንባሯን መሬት ስታስነካ ወንዙ ከታች ሞልቶ ሲያገሣ፣ አባቷ ቆመውበት የነበረውን ድንጋይ ሲውጥ ይሰማታል። ከወትሮዋ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በግንባሯ ተደፍታ ቆየች።